ከተጣለው ደም እስከ መከላከያው ክኒን

ዛሬም ከገዴራ ነን። የዛሬው ወሬያችን ስለ አንድ ክኒን ነው፤ ኤች አይ ቪ የሌለበት ሰው እንዳይዘው አስቀድሞ ስለሚወስደው፣ ፕሬፕ ስለሚባለው። ለእኛ ለቤተ እስራኤል ልጆች ግን የዚህን ክኒን ታሪክ ከደሙ ጉዳይ ሳይጀምሩ ማውራት አይቻልም። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራቸው።

በጃንዋሪ 1996 ማዓሪቭ ጋዜጣ ያወጣውን ወላጆቻችን እስከ ዛሬ አልረሱትም። ማጌን ዳቪድ አዶም ከኢትዮጵያ የመጡ ሰዎችን ደም ይቀበላል፣ አመስግኖ ይሸኛቸዋል፣ ከዚያ ደሙን ይጥለዋል። ለሰጪዎቹ የነገራቸው የለም። ምክንያቱ ኤች አይ ቪ ነው ተባለ። በሺዎች የሚቆጠር ሕዝባችን ወደ ኢየሩሳሌም ወጣ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ፊት ለፊት ከፖሊስ ጋር ተጋጨ። ሺሞን ፔሬስም በቀድሞው ፕሬዚዳንት በይትስሐቅ ናቮን የሚመራ ኮሚሽን አቋቋሙ። ነገሩ ግን በዚያ አላበቃም። በዲሴምበር 2013 የክነሴት አባሏ ፕኒና ታማኖ-ሻታ፣ ገና በሦስት ዓመቷ የመጣች ሰው፣ እዚያው ክነሴት ውስጥ ደም ልስጥ ስትል እንደ ማንኛውም ሰው መስጠት እንደማትችል ተነገራት።

እንግዲህ የደም ባንክ መጠንቀቁ ጥፋት አይደለም። ቫይረሱ ገብቶ ገና በምርመራ የማይታይበት ጊዜ አለ። ጥፋቱ ሰውን በዘሩ ጠቅልሎ መፈረጁ፣ ይባስ ብሎም መደበቁ ነው።

የሚገርመኝ የጊዜው መገጣጠም ነው። ያ ዜና ከመውጣቱ ሁለት ወር ገደማ በፊት፣ በኖቬምበር 1995፣ ሳይንስ የተባለው መጽሔት የአንድ ሙከራ ውጤት አትሞ ነበር። ቴኖፎቪር የተሰጣቸው ዝንጀሮዎች ከኤች አይ ቪ ጋር ለሚዛመድ ቫይረስ ተጋልጠው ሳይያዙ ቀሩ። መድኃኒቱ ፕራግ ውስጥ አንቶኒን ሆሊ ከሚባል ኬሚስት ሥራ የተገኘ ነው። እኛ ዘንድ ደም ሲጣል፣ ሌላ ቦታ ሰውን ሳያገልሉ ቫይረሱን መከልከል እንደሚቻል እየታየ ነበር ማለት ነው።

እንዴት ይሠራል? ሸማኔ አስቡ። ቫይረሱ ሴላችን ውስጥ ገብቶ የራሱን ቅጂ እንደ ሸማኔ ክር በክር ይሠራል። ቴኖፎቪርና ጓደኛው ኤምትሪሲታቢን ትክክለኛውን ክር ይመስላሉ፤ ግን ቀጣዩ ክር የሚያያዝበት ጫፍ የላቸውም። ሥራው እዚያው ይቆማል። መድኃኒቱ ግን ቫይረሱ ከመምጣቱ በፊት ሰውነት ውስጥ በበቂ መጠን መገኘት አለበት።

በኬንያና በኡጋንዳ፣ አንዱ ቫይረሱ ያለበት ሌላው የሌለበት 4,747 ጥንዶች በተሳተፉበት ጥናት፣ ሁለቱ መድኃኒቶች አንድ ላይ የመያዝን አደጋ በ75 በመቶ ቀነሱ። በጁላይ 2012 አሜሪካ ትሩቫዳን ለመከላከያነት ፈቀደች። የእስራኤል ጤና ሚኒስቴር በ2017 ተከተለ። ዛሬ በትክክል ለሚወስደው ሰው በግብረ ሥጋ የመያዝ አደጋ 99 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ ይታወቃል።

ግን አንድ ያልተሳካ ጥናትም አለ፤ እኔ ከሁሉም በላይ እሱን ነው የማስበው። በደቡብ አፍሪካ፣ በኡጋንዳና በዚምባብዌ ሴቶች ላይ የተደረገው ቮይስ የተባለው ጥናት፣ ክኒኑ ምንም አልጠቀመም የሚል ውጤት አወጣ። ደማቸው ሲመረመር መድኃኒቱ የተገኘው ከናሙናዎቹ ሲሶ በማይሞላው ነው። ሴቶቹ ክኒኑን እየወሰዱት አልነበረም። ሲጠየቁ ብዙዎቹ ከተናገሩት አንዱ፣ ሰው ክኒኑን ካየ በሽታው አለባት ይለኛል የሚለው ፍርሃት ነው። መድኃኒቱ ለታማሚዎችም የሚሰጠው ያው ነውና።

ይሄ ለእኛ እንግዳ ነገር ነው? ገዴራ ትንሽ ከተማ ናት። ፋርማሲ ወረፋ ላይ ግማሹ ሰው የእናታችሁ ዘመድ ነው። ከ1996 በኋላ ደግሞ የበሽታው ስም ራሱ ስድብ ሆኖብን ቀረ። ቤት ውስጥ አይነሳም፤ የማይነሳ ነገር ደግሞ አይጠየቅም። ስለዚህ እዚህ ልንገራችሁ። ፕሬፕን ሐኪም ነው የሚያዝዘው። አስቀድሞ የኤች አይ ቪ ምርመራ ያስፈልጋል፤ ቫይረሱ ካለ ሁለቱ መድኃኒቶች ብቻቸውን አይበቁም፣ ቫይረሱም ሊለምዳቸው ይችላል። ኩላሊትም ይታያል፤ የኤች አይ ቪ ምርመራው በየሦስት ወሩ ይደገማል። ቂጥኝንና ጨብጥን አይከላከልም፣ ኮንዶም ቦታው አለው። ቀድሞ ያልወሰደ ሰው የተጋለጠ ከመሰለው፣ በ72 ሰዓት ውስጥ የሚጀመርና ለ28 ቀን የሚወሰድ ሌላ መድኃኒት አለ፤ ቶሎ በጀመረ ቁጥር ይሻላል፣ ቀጥታ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነው። ኩፓት ሆሊም የምታውቁት ሰው እንዳያያችሁ ከፈራችሁ፣ ሬሆቮት ያለው ካፕላን ሆስፒታል የኤድስ ማዕከል አለው።

በ2024 ደግሞ ከኡጋንዳና ከደቡብ አፍሪካ ሌላ ወሬ መጣ። ሌናካፓቪር የተባለውን መርፌ ከወሰዱት ከ2,000 በላይ ልጃገረዶችና ወጣት ሴቶች አንዷም አልተያዘችም። በጁን 2025 አሜሪካ ፈቀደችው። በዓመት ሁለቴ ሆድ ላይ ከቆዳ ሥር ይወጋል። ቤት ይዘውት የሚገቡት፣ ማንም መሳቢያ ከፍቶ የሚያገኘው ብልቃጥ የለም።