«የፖምፔ ቀይ»፦ የአንድ የግድግዳ ቀለም ስምና የትርጉሙ ችግር

«ቀለም» የሚለው ቃላችን ብዙ ሥራ ተጭኖበታል። ዓይን የሚያየው መልክ፣ ጸሐፊ የሚጽፍበት፣ ግድግዳ የሚቀባበት፣ ጨርቅ የሚነከርበት፣ ትምህርቱም ሳይቀር ቀለም ነው። በዕለት ንግግር ይህ አያስቸግርም። ስለ ቤት ውስጥ ቅብ ታሪክ የተጻፈን ጽሑፍ ወደ አማርኛ ስንመልስ ግን መልኩን ከንጥረ ነገሩ ለይተን መሰየም ግድ ይሆንብናል። ለዚህም አውሮፓውያን «የፖምፔ ቀይ» የሚሉትን ጠቆር ያለ ቀይ እንመለከታለን። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ፖምፔ በ79 ዓ.ም. ቬሱቪየስ የተባለው እሳተ ገሞራ በፈነዳ ጊዜ በአመድ የተቀበረች የኢጣሊያ ከተማ ናት። ቁፋሮው በ1748 ከተጀመረ በኋላ በየቤቱ ግድግዳ የተገኘው ቀይ በአውሮፓ ባለጸጎች ዘንድ ተወደደ፤ እንግሊዛዊው አርክቴክት ጆን ሶን (1753–1837) በለንደን ቤቱ መጻሕፍት ያኖርበትንና ይመገብበት የነበረውን ክፍል በዚሁ ቀይ አስቀብቷል። ስሙ አንድ ይሁን እንጂ በሮማውያን ግድግዳ ላይ የነበረው ንጥረ ነገር አንድ አይደለም። ርካሹ «ሩብሪካ» የተባለው ብረት ያለበት ቀይ አፈር ነው። ውዱ ደግሞ የባዜቃና የድኝ ውሁድ የሆነው ማዕድን ሲሆን እነርሱ «ሚኒየም» ይሉታል። ይህ ከእስፓኝ በማኅተም ታሽጎ ወደ ሮማ ይላክ ነበር፤ ፕሊኒ እንደመዘገበውም ዋጋው በሕግ ተወስኖ ከ70 ሴስተርስ በላይ አንዱን ሊብራ መሸጥ አይቻልም ነበር።

ውድ መሆኑ ግን ጽኑ አላደረገውም። ቪትሩቪየስ እንደሚተርከው ፋቤሪየስ የተባለ ጸሐፊ አቬንቲን በተባለው ኮረብታ ላይ ያለውን ቤቱን ለማሳመር በአምድ የተከበበውን ክፍት አደባባይ ግድግዳ ሁሉ በሚኒየም አስቀባ፤ በ30 ቀን ውስጥ ቀዩ ተበላሽቶ ዝንጉርጉር ሆነበትና እንደገና በሌላ ቀለም ለማስቀባት ተገደደ። ሚኒየም በጣራ ሥር ሲሆን መልኩን ይጠብቃል፤ ፀሐይ ሲያገኘው ይጠቁራል። ስለዚህ ግድግዳው ከደረቀ በኋላ ጥቂት ዘይት የገባበት የቀለጠ ሰም በብሩሽ ተቀብቶ፣ በከሰል ፍም ሙቀት እንዲሠርግ ተደርጎ፣ በመጨረሻ በንጹሕ በፍታ ይወለወል ነበር።

የስሞቹ ታሪክ ከዚህ የባሰ ነው። «ሚኒየም» ኋላ ለእርሳስ ቀይ ተላልፎ ተሰጠ፤ የብራና ሥዕል በአውሮፓ ቋንቋዎች «ሚኒያቸር» የተባለውም ከዚሁ ነው። «ሲናባሪስ» የሚለው ስም ደግሞ ለማዕድኑም ለአንድ ዛፍ ቀይ ሙጫም ያገለግል ስለነበር ሐኪሞች በሙጫው ፋንታ ማዕድኑን፣ ማለትም መርዙን፣ ለሕሙማን ይሰጡ እንደነበር ፕሊኒ በምሬት ጽፏል። ነገሩ የቃላት ጨዋታ ብቻ አልነበረም።

ደግሞም ቢጫ አፈር ሲግል ውኃውን አጥቶ ይቀላልና ዛሬ በፖምፔ ቀይ ሆነው ከሚታዩት ግድግዳዎች ከፊሎቹ ከፍንዳታው በፊት ቢጫ ነበሩ።

እኛ የምናቀርበው ሐሳብ «የፖምፔ ቀይ» ለመልኩ ብቻ እንዲቀር ነው። ለንጥረ ነገሮቹ «ቀይ አፈር»፣ «የባዜቃ ቀይ» እና «የእርሳስ ቀይ» ይበቃሉ። እርሳስ የምንጽፍበትም ስለሆነ ሦስተኛው ስም መጀመሪያ በተጠቀሰበት ቦታ የብረታ ብረቱ እርሳስ መሆኑ ይገለጽ። የላቲን ጽሑፍ ተርጓሚም «ሚኒየም»ን ባገኘ ቁጥር የደራሲውን ዘመን አይቶ ከሁለቱ አንዱን ይምረጥ፤ በቪትሩቪየስና በፕሊኒ በአብዛኛው የባዜቃው ነው።