ሕያው ሆኖ የመቀበር ፍርሃት፦ የአንድ «ከንቱ ሥጋት» ታሪክ

(በታሪክ ትምህርት ክፍል የሕዝብ ንግግር መድረክ ላይ የቀረበ፤ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ የተስተካከለ)



 በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳውቅ።

አልፍሬድ ኖቤል የመጨረሻ ኑዛዜውን በፓሪስ ከተማ የፈረመው ኖቬምበር 27 ቀን 1895 ነው። ዓለም ይህን ሰነድ የሚያውቀው በስሙ የሚጠሩትን ሽልማቶች ስላስገኘ ነው። እስከ መጨረሻው መስመር የሚያነበው ሰው ግን ጥቂት ነው። ኖቤል ሀብቱን አከፋፍሎ ከጨረሰ በኋላ ስለ ገዛ ሥጋው አንድ ትእዛዝ ያክላል፦ ሲሞት የደም ሥሮቹ እንዲከፈቱ፣ ብቃት ያላቸው ሐኪሞች ግልጽ የሞት ምልክቶች መታየታቸውን ሲያረጋግጡም አስከሬኑ እንዲቃጠል። ድማሚትን የፈለሰፈ፣ ዕድሜውን ሙሉ በመለካትና በመፈተን የኖረ የኬሚስትሪ ሰው፣ ሳይሞት እንዳይቀበር ይሠጋ ነበር።

ኖቤል ኑዛዜውን ከመፈረሙ አራት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1891፣ ኤንሪኮ ሞርሴሊ የተባለ ጣሊያናዊ የአእምሮ ሐኪም ለዚህ ሥጋት የሕመም ስም አውጥቶለት ነበር። መቃብርንና ፍርሃትን ከሚያመለክቱ ሁለት የግሪክ ቃላት አጣምሮ «ታፌፎቢያ» አለው። አንድ ፍርሃት የሕመም ስም ሲያገኝ ሁለት ነገር ይደርስበታል። በአንድ በኩል ባለቤቱ ርኅራኄንና ሕክምናን ያገኛል። በሌላ በኩል ግን ፍርሃቱ ከታሪክ ተነጥሎ በግለሰቡ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ የበቀለ ይመስላል። የዛሬው ንግግሬ ዓላማ ይህን ፍርሃት ወደ ታሪኩ መመለስ ነው። ፍርሃቱ ትክክል ነበር ወይስ ስሕተት ብዬ አልጠይቅም። ጥያቄዬ የፈሩት ሰዎች ምን እየጠየቁ ነበር የሚል ነው።

ነገሩን ከመነሻው እንያዘው። ያለጊዜው ስለተቀበሩ ሰዎች የሚነገሩ ታሪኮች ጥንታዊ ናቸው። ወሬውን ወደ ሕክምና ክርክር ያሸጋገሩት ግን ሐኪሞች ራሳቸው ናቸው። በ1740 በፓሪስ ያስተምር የነበረው፣ በትውልዱ ዴንማርካዊ የሆነው የሰውነት ክፍሎች ሊቅ ዣክ ቤኒኝ ዊንስሎው፣ የሞት ምልክቶች ተብለው የሚታመኑት ሁሉ አስተማማኝ አይደሉም የሚል ጽሑፍ በላቲን አወጣ። የትንፋሽ መጥፋት፣ የሰውነት መቀዝቀዝ፣ የልብ ትርታ አለመሰማት፣ ሁሉም ሊያሳስቱ ይችላሉ አለ። ለእርሱ የማያጠራጥረው ምልክት የሥጋ መበስበስ ብቻ ነበር። ዊንስሎው ራሱ በወጣትነቱ ሁለት ጊዜ ሞቷል ተብሎ እንደነበር ይናገር ነበር። ዣን ዣክ ብሩዬ የተባለ ሐኪም ጽሑፉን በ1742 ወደ ፈረንሳይኛ መለሰው፤ ከየአገሩ የሰበሰባቸውን አስደንጋጭ ታሪኮችም ጨመረበት። ከእነዚህ ታሪኮች ብዙዎቹ ሊረጋገጡ የማይችሉ ነበሩ። መጽሐፉ ግን በየቋንቋው ተተርጉሞ በመላው አውሮፓ ተነበበ።

በዚሁ ዘመን ሌላ ነገር ተከሰተ። በ1767 በአምስተርዳም፣ በ1774 ደግሞ በለንደን፣ ውኃ የበላቸውን ሰዎች ነፍስ ለመመለስ የሚተጉ ማኅበራት ተቋቋሙ። ቀድሞ እንደ ሬሳ ይታይ የነበረ ሰው ትንፋሽ ሲሰጡት፣ ሲያሞቁትና ሲያሹት ዓይኑን የሚገልጥበት ጊዜ አለ። ማኅበራቱ እነዚህን ክንውኖች እየመዘገቡ አሳተሙ፤ ነፍስ ላዳነም ሽልማት ሰጡ። ይህ ታላቅ በጎ ሥራ ነበር። ይሁን እንጂ በተራ ሰው ልብ ውስጥ አንድ ጥያቄ መጫሩ አልቀረም፦ ከወንዝ የወጣው «ሬሳ» ከተነሣ፣ ባለፈው ሳምንት የቀበርነውስ?

እንግዲህ ልብ እንበል። ይህን ፍርሃት ያፋፋመው ድንቁርና ሳይሆን አዲስ ዕውቀት ነበር። በሕይወትና በሞት መካከል ያለው ድንበር ሰዎች ካሰቡት ስፍራ ላይ እንዳልሆነ ሳይንስ ተናገረ፤ ትክክለኛውን ስፍራ ግን ገና ማሳየት አልቻለም። ፍርሃቱ የኖረው በእነዚህ ሁለት ነገሮች መካከል በተፈጠረው ክፍተት ውስጥ ነው።

ክፍተቱን ለመሙላት የመጀመሪያውን ሰፊ ሙከራ ያደረጉት ጀርመኖች ናቸው። ክሪስቶፍ ቪልሄልም ሁፌላንድ የተባለው ሐኪም ባቀረበው ሐሳብ መሠረት በ1792 በቫይማር ከተማ የአስከሬን ማቆያ ቤት ተሠራ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ መበስበስ ብቸኛው እርግጠኛ ምልክት ከሆነ፣ እስኪታይ ድረስ በሞቀና በተጠበቀ ቤት እንጠብቅ የሚል ነው። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ሌሎች የጀርመን ከተሞችም ይህን አርአያ ተከተሉ። በጣቶች ላይ ክር ይታሰር ነበር፤ ክሩ ከደወል ጋር ይያያዛል፤ በአጠገቡ ባለ ክፍል ዘበኛ ሌሊቱን ሙሉ ይቀመጣል። አሜሪካዊው ደራሲ ማርክ ትዌይን የሙኒኩን ቤት ጎብኝቶ በ1883 ባሳተመው የሚሲሲፒ መጽሐፉ ውስጥ አስፍሮታል። ደወሎቹ አንዳንድ ጊዜ ይጮሁ ነበር፤ ምክንያቱ ግን አስከሬን በሚበሰብስበት ጊዜ የሚያብጥና የሚንቀሳቀስ መሆኑ ነው። ጉዳዩን ያጠኑ የታሪክ ምሁራን ከእነዚህ ቤቶች በደወሉ አማካይነት ሕያው ሆኖ ስለወጣ ሰው የሚያስተማምን ማስረጃ አላገኙም።

የአንዱ ወገን ፍርሃት ሕግ ሲሆን በሌላው ወገን ላይ ምን እንደሚያስከትል የሚያሳይ አንድ ክርክር ደግሞ አለ። በ1772 የመክለንቡርግ ሽቨሪን መስፍን፣ በግዛቱ የሚኖሩ አይሁድ ሙታናቸውን ሦስት ቀን ሳይቆዩ እንዳይቀብሩ አዘዘ። በአይሁድ ልማድ ሟችን ያለመቅበር ማዘግየት እርሱን ማዋረድ ነው። የተጨነቀው ማኅበረሰብ ምክር ከጠየቃቸው መካከል ፈላስፋው ሙሴ ሜንደልስዞንና ረቢ ያዕቆብ ኤምደን ይገኙበታል። ኤምደን ልማዱ መጠበቅ አለበት አለ። ሜንደልስዞን በሁለት ወገን ቆመ። ለማኅበረሰቡ፣ የጥንት አባቶች ሟችን በዋሻ አኑረው እስከ ሦስት ቀን ይጎበኙት እንደነበር በማስታወስ መቆየቱ ከሕጉ ጋር እንደማይጣላ ጻፈ። ለመስፍኑ በሚቀርበው አቤቱታ ላይ ግን ሌላ መፍትሔ ሐሳብ አቀረበ፤ ይኸውም ሐኪም መርምሮ ሞትን በጽሑፍ ሲያረጋግጥ እንዲቀበር ነው። ክርክሩ በዚህ አላበቃም። በ1787 አይሁዳዊው ሐኪም ማርኩስ ሄርዝ ፈጥኖ መቅበርን የሚነቅፍ ጽሑፍ አሳተመ።

ይህ ክርክር ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም። በሀገራችን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሟቹን በአብዛኛው በዕለቱ ወይም በማግስቱ ይቀብራል። መፍጠናችን የክብር መግለጫ እንጂ የቸልተኝነት ምልክት አይደለም። በሽቨሪን የተጋጩትም ሁለት ክብሮች ናቸው፤ አንዱ ሟችን በወጉ የመሸኘት ክብር፣ ሁለተኛው ሕያው ሊሆን ይችላል ለተባለው የመጠንቀቅ ክብር። የሐኪሙ ምስክርነት ሁለቱን ያስታረቀ ሐሳብ ነበር።

ከአደባባይ ወደ ጓዳ እንግባ። ሰዎች በዚህ ፍርሃት እንዴት ኖሩ? ብዙዎቹ መደበኛ ሕይወታቸውን እየመሩ፣ ፍርሃቱን በአንድ አደራ አስረው ኖሩ። ጆርጅ ዋሽንግተን ዲሴምበር 14 ቀን 1799 በሞት አፋፍ ላይ ሳለ፣ ቀናት ሳያልፉ ወደ መቃብር ቤት እንዳያስገቡት ጸሐፊውን አደራ አለው፤ ሰውየው እንደተረዳው እስኪያረጋግጥለት ድረስም አላረፈም። የተቀበረው ከአራት ቀን በኋላ ነው። የተረት ደራሲው ሃንስ ክርስቲያን አንደርሰን የሞተ የሚመስለው እንዲያው መሆኑን የሚገልጽ ቁራጭ ወረቀት ሲተኛ ከአልጋው አጠገብ ያስቀምጥ እንደነበር ይነገራል። በቀን ተረት እየጻፈ፣ አገር ለአገር እየተጓዘ ይውላል፤ ማታ ወረቀቱን አኑሮ ይተኛል። ወረቀቷ ምንም ያህል ብታስቅ እንቅልፍ ሰጥታዋለች።

ፍርሃቱ ሕይወትን ሙሉ ሲውጥ ምን እንደሚመስል ያሳየን ኤድጋር አለን ፖ ነው። በ1844 ባወጣው ስለ ያለጊዜ መቀበር በሚተርከው አጭር ልብ ወለዱ፣ ባለታሪኩ የቤተሰቡን መቃብር ቤት ከውስጥ እንዲከፈት አድርጎ ያሠራል፤ ወዳጆቹን ያስምላል፤ ከቤት መራቅ ይፈራል። ጥንቃቄው በበዛ ቁጥር ፍርሃቱ ይገዝፋል። ዛሬ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ስለ ፎቢያ የሚያስተምሩት አንዱ ነገር ይኸው ነው፤ መሸሽ ለጊዜው ያሳርፋል፣ ውሎ አድሮ ግን ፍርሃቱን ይቀልባል።

በክፍለ ዘመኑ ማብቂያ ላይ መሣሪያ ሠሪዎችና ማኅበራት መጡ። የሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ባለሟል የነበረው ካርኒሴ ካርኒትስኪ ከሬሳ ሣጥን ጋር የሚያያዝ መሣሪያ ፈለሰፈ። በሟቹ ደረት ላይ የምታርፍ ኳስ ጥቂት ብትንቀሳቀስ አየር የሚያስገባ ቱቦ ይከፈታል፤ ከመቃብሩ በላይ ባንዲራ ይነሣል፤ ደወል ይደወላል። በለንደን በ1896 ዊልያም ቴብና ባልደረቦቹ ያለጊዜው መቀበርን የሚከላከል ማኅበር መሠረቱ። መሣሪያው እምብዛም ገበያ አላገኘም። ማኅበሩ ይዞት የተነሣው ጥያቄ ግን የሚናቅ አልነበረም፤ ማንም ሰው በሐኪም ሳይመረመር አይቀበር ነው።

መልሱም የመጣው በዚሁ በኩል ነው። ላኔክ በ1816 የልብ ማዳመጫን ፈለሰፈ። የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ የሞትን እርግጠኛ ምልክት ላገኘ ሽልማት አቅርቦ ስለነበር፣ በ1840ዎቹ ኧዤን ቡሹ የተባለ ሐኪም በማዳመጫው የልብ ምት ለተወሰኑ ደቂቃዎች አለመሰማቱ በቂ ምልክት ነው በማለት ተሸላሚ ሆነ። ብዙዎች ተቃወሙት፤ ሐሳቡ ግን ቀስ በቀስ ሥር ሰደደ። የሞት ምስክር ወረቀትና የሐኪም ምርመራ በየአገሩ እየተለመዱ ሲሄዱ ፍርሃቱም እየከሰመ ሄደ። ፈጽሞ ግን አልጠፋም። በዲሴምበር 1967 በኬፕ ታውን ከሰው ወደ ሰው የመጀመሪያው የልብ ንቅለ ተከላ ከተደረገ በኋላ፣ በ1968 የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ኮሚቴ ሞትን በአንጎል ሥራ መቋረጥ የሚለይ መመዘኛ ሲያቀርብ ያው የድሮ ጥያቄ በአዲስ ልብስ ተመለሰ። ሰዎች «ሳልሞት ልቤን ቢወስዱትስ?» ብለው ጠየቁ። ድንበሩ ሲንቀሳቀስ ፍርሃቱ ይነቃል።

አሁን ወደ መደምደሚያዬ ከመሄዴ በፊት ለምን ይህን ርእስ እንደመረጥሁ ልናገር፤ ለጥናት ብቻ አይደለምና። የልጅነቴን ዘመን ያሳደጉኝ አክስቴ ባላገር ነበሩ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ለእረፍት በተመለስሁ ቁጥር፣ ሰው ሲወጣ ጠብቀው፣ «ልጄ፣ የሞትሁ ዕለት አትቸኩሉብኝ፤ አንድ ሌሊት አሳድሩኝ» ይሉኝ ነበር። እኔም የተማረ ሰው ፈገግታ ፈገግ ብዬ፣ «እማማ፣ ይህ እኮ ተረት ነው» እላቸዋለሁ። ሲያርፉ እኔ ለትምህርት ባሕር ማዶ ነበርሁ። በዕለቱ ተቀበሩ። ወገን ያደረገው ወጉን ነው፤ ማንንም አልወቅስም። አደራውን የነገሩት ግን ለእኔ ብቻ ነበር፤ እኔም ለማንም አልተናገርሁትም፤ ከቁም ነገር አልቆጠርሁትምና። አክስቴ በእርግጥ ሞተው እንደተቀበሩ አልጠራጠርም። የሚቆጨኝ እርሱ አይደለም።

ወደ መነሻ ጥያቄዬ ልመለስ፤ የፈሩት ሰዎች ምን እየጠየቁ ነበር? የኖቤልን ኑዛዜ፣ የዋሽንግተንን አደራ፣ የአንደርሰንን ወረቀት፣ የአክስቴን ቃል ጎን ለጎን ስናኖር ሁሉም አንድ ነገር ይላሉ፦ «መናገር በማልችልበት ሰዓት ስለ እኔ የሚጠነቀቅ ሰው ይኑር።» ይህ ከንቱ ጥያቄ አይደለም። ደወሉና ቱቦው ያልመለሱትን ጥያቄ የመለሰው፣ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ልብን ማዳመጡና በስሙ ፈርሞ መመስከሩ ነው። ፍርሃቱን ያበረደው መተማመን ነው ማለቴ ነው፤ መተማመኑንም የገነቡት ሥርዓትና ዕውቀት በአንድነት ናቸው።

ውድ ተማሪዎች፣ በመዛግብት ውስጥ የሚያስቅ ፍርሃት ስታገኙ ከመሣቃችሁ በፊት ዙሪያውን መርምሩ፤ በዘመኑ የትኛው ድንበር እየተናወጠ እንደነበር ይነግራችኋል። በቤታችሁም፣ በጎረቤታችሁም፣ ሊፍት የሚፈራ፣ ደም ማየት የማይችል፣ ለእናንተ ተረት የሚመስል ሥጋት የሚነግራችሁ ሰው ቢኖር፣ ሥጋቱን እውነት ነው በሉት አልልም። አደራውን ግን ተቀበሉት። አንድ ሌሊት መቆየት ብዙ አያስከፍልም ነበር።