ክቡ የ25 ሳንቲም ገንዘብ (1936 ዓ.ም.)

በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የወጣ የመዳብ ገንዘብ ሲሆን፣ መጠኑ ከብር ከተሠራው 50 ሳንቲም ጋር ስለተቀራረበ ብር እየተቀባ በእጥፍ ዋጋ በማለፉ ከገበያ ተሰብስቦ፣ ጠርዙ ሞገዳማ በሆነው ተተክቷል። ስሕተቱ የንድፍ ነው፤ የቀረጻ ስሕተት የሚባለው ግን የብረት ማኅተሙ ከመካከል ሲስት ወይም ሁለት ጊዜ ሲያርፍ የሚፈጠረው ነው። በገንዘቡ ላይ የተጻፈው 1936 ዓመተ ምሕረት፣ በኋላ በተቀረጹትም ላይ ሳይለወጥ ስለቆየ ብርቁን የሚለየው ዘመኑ ሳይሆን ጠርዙ ነው፤ ሰብሳቢዎችም ጥቂት የቀረውን ክቡን አብልጠው ይገዛሉ። ሞገዱ በሞረድ ተፍቆ ክብ የተደረገ ሐሰተኛ ስፋቱ ስለሚያንስ፣ ገዢ ሊለካው ይገባል። በቡሬም ሆነ በፍኖተ ሰላም በሣጥኑ አሮጌ ሳንቲም ያኖረ ሰው በአመድ ወይም በሎሚ አይፈትገው፤ መፈተግ ዋጋውን ይቀንሳል።