ለዘገየ የቤት ኪራይ የሚሰጥ ማስጠንቀቂያ፤ ከ1952 ዓ.ም. ወዲህ

ስለ ቤት ኪራይ ታሪክ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳው የኪራዩ ልክ ነው። ኪራይ ከፍ አለ፥ ዝቅ አለ፥ መንግሥት ቀነሰው ይባላል። ለተከራዩ ግን ከገንዘቡ ልክ የማያንስ ሌላ ብርቱ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ኪራይ የዘገየበት ሰው ቤቱን እንዲለቅ ከመገደዱ በፊት ስንት ቀን አለው? ቀኑስ መቈጠር የሚጀምረው ከመቼ ነው? የሚለው ነው። ይህ አጭር ጥናት የሚመለከተው ይህንኑ ነው።

ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለጥያቄው ግልጽ መልስ ሰጥቶበታል። በአንቀጽ 2952 እንደተደነገገው ተከራዩ ኪራዩን ሳይከፍል የዘገየ እንደ ሆነ፥ አከራዩ ወዲያው ውሉን ማፍረስ አይችልም። አስቀድሞ የመክፈያ ጊዜ ሰጥቶ፥ በዚያ ጊዜ ውስጥ ካልተከፈለው ውሉ የሚቋረጥ መሆኑን ማስታወቅ አለበት። ጊዜውም ውሉ ለአንድ ዓመት ወይም ከዚያ ለበለጠ ዘመን የተደረገ ከሆነ 30 ቀን፥ በሌላው ሁሉ 15 ቀን ነው። ቀኑ የሚቈጠረው ማስጠንቀቂያው ከተጻፈበት ሳይሆን ተከራዩ ከተቀበለበት ዕለት ነው። ከሁሉ በላይ፥ ይህን ጊዜ የሚያሳጥር የውል ቃል ዋጋ የለውም። አከራዩ «ኪራይ አንድ ቀን ቢያድር ቤቱን ትለቃለህ» ብሎ ቢያስፈርም እንኳ ፊርማው አይረዳውም ማለት ነው።

የዚህ ሕግ ረቂቅ የፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ የፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ሥራ መሆኑ የታወቀ ነው። አንቀጹን ግን በኤውሮጳ አቈጣጠር በ1911 ከወጣው የስዊስ የግዴታ ሕግ አንቀጽ 265 ጋር ጐን ለጐን ያነበበ ሰው ዝምድናቸውን ሳያይ አይቀርም። በዚያም ጊዜው 30 ቀን ነው፤ መቈጠሪያው ማስጠንቀቂያው የደረሰበት ዕለት ነው፤ ጊዜውን የሚያሳጥር ስምምነትም ፈራሽ ነው። ልዩነቱ ከታች ነው። የስዊስ ሕግ ከስድስት ወር ላነሰ ኪራይ የሰጠው 6 ቀን ብቻ ሲሆን፥ የእኛው 15 ቀን ሰጥቷል። በእኔ አስተያየት የአንቀጹ ትልቅ ቁም ነገር ይህ ነው። በወር በወር የሚከራየው፥ ይልቁንም በቃል ብቻ የተስማማው፥ ይበልጡን ድኻው ተከራይ ነውና ከቀኑ ጭማሪ የሚጠቀመው እርሱ ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ጥበቃ የቆመው ኪራይ ለዘገየበት ሰው ነው። ጊዜው ያልተወሰነ ውል ከሆነ፥ ኪራዩን በየወሩ ሳያጓድል የሚከፍል ሰው እንኳ ያለ ጥፋቱ በማስጠንቀቂያ ብቻ ሊሰናበት ይችላል። ለተወሰነ ዘመን የተከራየውም ቢሆን፥ ዘመኑ ካለቀ በኋላ አከራዩ እያወቀ ሳይቃወመው በቤቱ ቢቈይ፥ ውሉ ጊዜው ባልተወሰነ ውል ይታደሳል። እንግዲህ ለሦስት ዓመት ተዋውሎ የገባ ሰው፥ ማንም አንዳች ቃል ሳይናገረው ከጠንካራው ወገን ወደ ደካማው ወገን ይዛወራል።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 47 ነገሩን ከሥሩ ለወጠው። ትርፍ ቤቶች የመንግሥት ሆኑ፤ የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ለቀበሌ ተሰጡ፤ የዝቅተኛ ቤቶች ኪራይም ተቀነሰ። ግለሰብ ቤት አከራይቶ ገቢ ማግኘቱ ተከለከለ። ለቀበሌ ቤት ተከራዮች ይህ ታላቅ ዕፎይታ እንደ ነበረ አይካድም። ግን በዚያው ዘመን በሌላ ሰው ቤት ደባል ሆኖ በጓዳ ወይም በሰርቪስ ቤት እየከፈለ የሚኖር ብዙ ሰው ነበር። ኪራዩ ራሱ የተከለከለ ሲሆን፥ ይህ ደባል የ15 ቀን ማስጠንቀቂያ ይገባኛል ብሎ በማን ፊት ይቆማል? «ልቀቅ» ከተባለ መልቀቅ ብቻ ነበር።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የግል ኪራይ በይፋ ሲስፋፋ የ1952ቱ ሕግ እንደገና ሥራ አገኘ። ሆኖም በአዲስ አበባ ውሉም ማስጠንቀቂያውም በቃል ስለሚያልቅ፥ ማስጠንቀቂያው በየትኛው ዕለት እንደ ደረሰ ማስረዳት አስቸጋሪ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቍጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቍጥር 1320 የጀመረው ከዚህ ነው። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፥ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፥ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ አዘዘ። የ1952ቱ ሕግ አውጭ ተከራዩን በቀን ቈጠራ ሊረዳው ሲሞክር፥ ያሁኑ የውሉን ዘመን ማስረዘም መርጧል። ነገር ግን አከራይና ተከራይ ተስማምተው ወደ መዝጋቢው መሥሪያ ቤት ሳይሄዱ የቀሩ እንደ ሆነ፥ በክርክር ጊዜ የሚቀርበው ማስረጃ ያው የጎረቤት ምስክርነት ነው።