የወንጂ ስኳርና የወንጂ ውሃ

«ግሎባላይዜሽን» የሚለውን ቃል ከመልመዳችን ብዙ ቀደም ብሎ ነገሩ ራሱ ወንጂ ደርሶ ነበር። ኢንዶኔዥያ ነጻ ስትወጣ የእርሻዎቹ ዕጣ ያሳሰበው ኤች ቪ ኤ የተባለ የሆላንድ ኩባንያ አዲስ መሬት ፍለጋ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1951 ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ጋር ተዋዋለ፤ በ1954 ፋብሪካው ሥራ ጀመረ። የጂሌ ኦሮሞ ከብት አርቢዎች የአዋሽን ግጦሽ ለቀቁ። ከከምባታና ከሐዲያ የመጣው ወዛደር ሸንኮራ ቆራጭ ሆነ።

ለሠራተኛው መንደር ውሃ ከጉድጓድ ተሳበ። ከደፈረሰ ወንዝ የጠራ ጉድጓድ ማን ይጠላል? ችግሩ ግን የስምጥ ሸለቆ ከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይድ የበዛበት መሆኑ ነው፤ ቀለምም ጣዕምም የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም አይለፍ ይላል፤ በወንጂ ብዙ ጉድጓዶች የተለካው ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር። በመንደሮቹ ያደጉ ልጆች ጥርሳቸው በለዘ። ውሃውን ለዓመታት ከጠጡት ሠራተኞች መካከል ደግሞ አከርካሪያቸው ደርቆ አንገት ማዞር፣ ጎንበስ ማለት የተሳናቸው ነበሩ፤ ሐኪሞች በ1970ዎቹ ይህን ጽፈዋል።

ፍሎራይዱን ሆላንዶች አላመጡትም፤ እውነት ነው። ሰውን አምጥቶ ጉድጓዱ ዳር ያሰፈረው ግን እርሻው ነው። በ1975 ደርግ ፋብሪካውን ወረሰ፤ ኩባንያው ሄደ። ወገባቸው የደረቀው ቆራጮች በሽታቸውን ይዘው ቀሩ።