ባሕር የተሻገሩ ልጆችና መዝገባቸው

የሌላውን ልጅ እንደ አብራክ ክፋይ አድርጎ ማሳደግ ከጥንት ጀምሮ በብዙ ሕዝብ ዘንድ የቆየ ሥራ ነው። በኢትዮጵያም በኦሮሞ ዘንድ ጉዲፈቻ ይባላል፤ በሌላውም ወገን የጡት ልጅ የሚባል አለ፤ ይኸውም አሳዳጊው ጣቱን ማር ቀብቶ በማጥባት አባትነቱን የሚያጸናበት ልማድ ነው። በዚህ ሁሉ ሥርዓት ሰጪውና ተቀባዩ ይተዋወቃሉ፤ ነገሩ በሽማግሎች ፊት ይፈጸማል፤ ልጁም ከማን እንደ ተወለደ ጎረቤት ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ወረቀት ባይጻፍም ምስክር አይታጣም።

ዳሩ ግን ልጅ በድርጅት አማካይነት ወደ ሌላ መንግሥት ሲሻገር ነገሩ ይለወጣል። የወለደችው እናት ተቀባዮቹን ብዙ ጊዜ አታይም፤ ተቀባዮቹም እናቲቱን አያውቋትም፤ በሁለቱ መካከል የሚቆመው ድርጅቱ የጻፈው ወረቀት ብቻ ነው። ወረቀቱ እውነት የተናገረ እንደ ሆነ ልጁ ሁለት ወገን ያገኛል፤ የዋሸ እንደ ሆነ ግን አንዱን ወገኑን ያጣል። የዚህ ሥራ ታሪክ ከሁሉ ይልቅ በኮርያ ተገልጦ ይታያል። (ከዚህ በታች የሚጠሩት ዓመቶች እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

በኮርያ በ1950 የተነሣው ጦርነት በ1953 ተኩስ ሲቆም፣ ከተሞች ፈርሰው፣ አባትና እናት የሌላቸው ልጆችም በየመንገዱ ተበትነው ነበር። ለኮርያ ነፃነት የዘመተው የኢትዮጵያ የቃኘው ሻለቃ ጦር በዚያው ዓመት በዶንግዱቾን ከተማ ለእነዚህ ሕፃናት ማሳደጊያ አቋቋመ። ወታደሮቹም ልጆቹን ከአገራቸው ሳያወጡ፣ ቋንቋቸውንና ስማቸውን ሳያስለውጡ፣ ባገራቸው ምድር ላይ ረዷቸው። ደግሞ ከውጭ አገር ወታደሮች የተወለዱ ልጆች ነበሩ፤ የአባት ዘር እጅግ በሚከበርበት በዚያ አገር አባታቸው ስላልታወቀ እነርሱም እናቶቻቸውም ይናቁ ነበር። የኮርያ መንግሥት በ1954 ልጆችን ወደ ውጭ የሚያሳልፍ መሥሪያ ቤት ባቆመ ጊዜ በመጀመሪያ ያሰበው እነዚህን ክልሶች ነበር።

በአሜሪካ በኦሪገን አውራጃ ሃሪ ሆልት የሚባል ገበሬ፣ ከሚስቱ ከበርታ ጋራ ስድስት ልጆች ወልዶ ይኖር ነበር። ባልና ሚስቱም ስለ ኮርያ ሙት ልጆች የሚያሳይ ፊልም ተመልክተው ልባቸው ስለ ተነካ፣ ስምንት ልጆች ወስደው ለማሳደግ ቈረጡ። የአሜሪካ ሕግ ይህን ያህል ልጅ ለአንድ ቤት ስላልፈቀደ የሕግ መምሪያው ምክር ቤት በ1955 ለእነርሱ ብቻ የተለየ ሕግ አወጣላቸው። ሆልትም በዚያ ዓመት ስምንቱን ልጆች ይዞ ገባ። ወሬው በጋዜጣ በተሰማ ጊዜ ብዙ ሰዎች እንደ እርሱ ለማድረግ ስለ ጠየቁ፣ በ1956 በስሙ የሚጠራው ድርጅት ተመሠረተ።

የሆልት አሳብ ርኅራኄ እንደ ነበረበት ማንም አይክድም። ነገር ግን ርኅራኄው ቸኰለ። በዚያ ዘመን አሳዳጊዎቹ ወደ ኮርያ ሳይሄዱ፣ ልጁንም ሳያዩ፣ በእንደራሴ ፊርማ ብቻ አባትና እናት ይሆኑ ነበር፤ ልጆቹም በአይሮፕላን ተጭነው ይላኩላቸዋል። የልጆችን ጉዳይ የሚመረምሩ ባለሙያዎች የተቀባዩ ቤት ሳይመረመር ልጅ መስጠት አደጋ ነው ብለው ስለ ተቃወሙ፣ አሜሪካ በ1961 ይህን የእንደራሴ ውል በሕግ አስቀረች።

ከዚህ ይልቅ የከፋው ግን የመዝገቡ ነገር ነው። በኮርያ ሰው ሁሉ ሆጁክ በሚባል የቤተ ሰብ መዝገብ ከአባቱ ቤት ጋራ ይጻፍ ነበር። ወደ ውጭ ለሚሄደው ልጅ ግን የተለየ መዝገብ ይወጣለታል፤ በዚህም መዝገብ ሕፃኑ አባትም እናትም የሌለው፣ ራሱ የቤቱ አለቃ ሆኖ ይጻፋል። ሙት ልጅ ተብሎ የተጻፈ ልጅ ጕዞው ቀላል ነበርና፣ እናቱ በሕይወት ያለችው ሁሉ ከሙት ልጅ ጋራ ተቈጠረ። እንዲህም በአንድ ብዕር እናት በሕይወቷ ሳለች ከልጅዋ ታሪክ ተፋቀች።

ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ኮርያ ፋብሪካ እየተከለች እየበለጸገች ሄደች፤ የሚሄዱት ልጆች ቍጥር ግን በመቀነስ ፈንታ ጨመረ። በ1985 ብቻ ከ8,800 በላይ ሕፃናት ከአገር ወጡ። እነዚህም የጦርነት ሙት ልጆች አልነበሩም፤ አብዛኞቹ ባል ከሌላቸው ሴቶች የተወለዱ ነበሩ። ድርጅቶቹ ስለ እያንዳንዱ ልጅ ከተቀባዩ ገንዘብ ይቀበሉ ነበር፤ መንግሥትም ለድኻ እናት ርዳታ ከመስጠት ልጅዋን ማሳለፍ ወጪውን ያቃልልለት ነበር። በ1988 የዓለም ጨዋታ በሴኡል ሲደረግ የውጭ ጋዜጦች ይህን ስለ ነቀፉ ቍጥሩ መቀነስ ጀመረ። በዚህ ሁሉ ዘመን የሄዱት ልጆች 200,000 ያህል ይሆናሉ።

ልጅ ግን ያድጋል፤ ያደገም ሰው ከማን እንደ ተወለደ ይጠይቃል። ወደ ኮርያ ተመልሰው እናታቸውን የፈለጉት ብዙዎች በመዝገባቸው ላይ ያገኙት ባዶ ቦታ ነበር። እነርሱም ለአገሪቱ የእውነትና የዕርቅ ኮሚሲዮን አቤት አሉ። ኮሚሲዮኑ በመጋቢት 2025 ከ367 አመልካቾች መካከል አስቀድሞ የ56ቱን መብት መጣስ አረጋገጠ፤ ወላጅ ያላቸው ልጆች ሙት ልጅ ተብለው እንደ ተጻፉ፣ አንዱም ልጅ በሌላው ልጅ ስም እንደ ተላከ ገልጦ መንግሥት ይቅርታ እንዲጠይቅ መከረ።

መንግሥታትም በበኩላቸው በ1993 በሄግ ከተማ ስለዚህ ነገር ውል አድርገው ነበር። የውሉም ፍሬ ነገር እንዲህ ነው፤ ልጅ አስቀድሞ በወላጆቹ ቤት እንዲያድግ ይደገፍ፤ ይህ ባይሆን ባገሩ ውስጥ ቤት ይፈለግለት፤ ይህም ባይገኝ ወደ ውጭ ይሂድ፤ ማንም ያለ አግባብ አይትረፍበት፤ የልደቱም ታሪክ ተጠብቆ ይቀመጥለት። ኮርያ በዚህ ውል መሠረት መሥራት የጀመረችው በ2025 ነው።

ኢትዮጵያም በኋለኛው ዘመን ይህን መንገድ ሄዳበታለች። ከ1999 ጀምሮ ወደ አሜሪካ ብቻ የሄዱት ልጆች ከ15,000 በላይ ናቸው፤ በ2010 በአንድ ዓመት 2,500 ያህል ስለ ሄዱ ኢትዮጵያ ከቻይና ቀጥላ ሁለተኛ ሆነች። ብዙዎቹ ልጆች በፍቅር አደጉ፤ ተማሩም። ዳሩ ግን ልጃቸውን ከሰጡት ድኾች ወላጆች መካከል ነገሩን እንደ ጥንቱ ጉዲፈቻ የመሰላቸው ነበሩ፤ ልጁ ተምሮ የሚመለስ፣ ዝምድናውም የማይቋረጥ መስሏቸው ፈረሙ። የተቀባዩ አገር ሕግ ግን የወላጅነትን መብት ፈጽሞ ያቋርጥ ነበር። አንድ ቃል በሁለት አገር ሁለት ፍች ስለ ነበረው፣ በአንዱ ወረቀት ላይ አንዱ ያደራ፣ ሌላው የወሰደ ሆነ። መንግሥት በ2011 የሚመረመረውን ጉዳይ በቀን ወደ አምስት አወረደ። በዚያው ዓመት ከኢትዮጵያ የሄደች አንዲት ልጅ በዋሽንግቶን አውራጃ በአሳዳጊዎቿ በደል ሞተች፤ እነርሱም በ2013 ተፈረደባቸው፤ ይህም በሕዝቡ ዘንድ ታላቅ ኀዘን አደረገ። በ2018 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ልጅ ለውጭ አገር ሰው በጉዲፈቻ መስጠትን በሕግ ከለከለ።

ክልከላው የወደ ፊቱን መንገድ ዘጋ እንጂ የሄዱትን አልመለሰም። እነርሱ ዛሬ ጐልማሶች ሆነዋል፤ አንዳንዱም መንደሩን እየጠየቀ ይመጣል። እንግዲህ ከእነዚህ ከሁለቱ አገሮች ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ይህ ነው፤ የተራበን ልጅ ማብላት ምሕረት ነው፤ ነገር ግን ምሕረቱ ፍጹም የሚሆነው የእናቱ ስም ከእንጀራው ጋራ ሲሰጠው ነው። በየማሳደጊያው፣ በየፍርድ ቤቱ፣ በየድርጅቱ ሣጥን ያለው መዝገብ ሊጠበቅና ሊገለጥ ይገባዋል፤ ለአንዳንዱ ሰው ከትውልዱ የቀረለት ርስት ያ ወረቀት ብቻ ነውና።