«ሠራተኛ ጠፋ» የምንለው ከመቼ ጀምሮ ነው?

ያለፈው ዓመት ቀዳም ስዑር ጠዋት ስነሳ ኩሽናው ጭጭ ብሏል። ባልኮኒ ላይ የታሰሩት ሁለት ዶሮዎች ይንጫጫሉ። ሽንኩርቱ ተልጦ ሳፋ ሙሉ ተቀምጧል፣ ፍራሹ ተጠቅልሎ ግድግዳ ተደግፏል፣ የቤቱ ቁልፍ ደግሞ ፍሪጁ ላይ ነው። ልጅቷ የለችም። ስልኳ ዝግ ነው። ደሞዟን የሰጠኋት ጸሎተ ሐሙስ ዕለት፣ ጉልባኑን አብረን ከበላን በኋላ ነበር።

መጀመሪያ ያደረግኩትን ልንገራችሁ። ላፕቶፔን አየሁ፤ አለ። ከዚያ የሐብሌን ሳጥን ከፈትኩ፤ አለ። ከዚያ ነው «ምን ሆና ይሆን?» ብዬ ያሰብኩት። ቅደም ተከተሉን እስካሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

እናቴ ጋ ደወልኩ። «የዘንድሮ ሠራተኛ እንዲህ ናት» አለችኝ፣ ዜና እንዳልሆነ ነገር። «የድሮ ሠራተኛ እኮ ልጅ አሳድጋ፣ ድራ ነበር የምትሄደው።» የሚገርመው፣ እናቴ በወጣትነቷ ስለ ሠራተኛ ስታማርር አያቴም ይህንኑ ትላት ነበር። የዘንድሮ እንዲህ ናት፣ የድሮ ግን… ዶሮውን እያለቀስኩ (በሽንኩርቱ ነው) ስሠራ አንድ ጥያቄ አልለቅ አለኝ። ይህቺ ሁሉም የሚያመሰግናት የድሮ ሠራተኛ ማን ናት?

ወደ ኋላ ሄጄ ስፈልጋት ከአያቴ ዘመን ጀርባ ያገኘሁት ሠራተኛ አልነበረም። ባሪያ ነበር። በቤት ውስጥ የሚፈጨው፣ የሚቀዳው፣ የሚለቀመው ነገር ሁሉ ባለቤት ባለው ሰው ጉልበት ይሠራ የነበረበት ጊዜ ከእኛ ሩቅ አይደለም። ኢትዮጵያ በ1916 የመንግሥታቱ ማኅበር አባል ስትሆን አንዱ ትልቅ ጭቅጭቅ ይኸው ባርነት ነበር፤ በዚያው ዓመት ባሮችን ቀስ በቀስ ነፃ የሚያወጣ አዋጅ ወጣ። «ቀስ በቀስ» የምትለዋን ልብ በሉልኝ። ባርነትን ሕጋዊ መሠረት ያሳጣው አዋጅ የወጣው ጣሊያን ከተባረረ በኋላ፣ በ1934 ነው። አያቴ ያኔ ድክ ድክ የምትል ሕፃን ነበረች። በሌላ አነጋገር፣ በእኔ እና በዚያ ቤት መካከል ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሷም ቡና ስታፈላልኝ ነው ያደግኩት።

አዋጁ ሰውየውን ነፃ አወጣው እንጂ መሬት አልሰጠውም፤ ቤትም አልሠራለትም። ስለዚህ ብዙዎች እዚያው በነበሩበት ጓዳ ቀሩ፣ ስማቸው ብቻ ተለወጠ። ወንዱ አሽከር፣ ሴቷ ገረድ። ባለጸጋ ቤት ከሆነ ሥራው ይከፋፈላል፤ ወጥ ሠሪ፣ እንጀራ ጋጋሪ፣ ጠጅ ጣይ፣ ውኃ ቀጂ፣ ፈጪ። ከሁሉም የከፋችው ፈጪ ነበረች። በድንጋይ ወፍጮ ላይ ጎንበስ ብሎ በመጅ እህል መፍጨት ወገብ ይቆርጣል፣ ሌሊት ይጀመራል፣ በማግስቱ ደግሞ እንደገና ነው። አድዋ የዘመተው ሠራዊት ስንቅ የተፈጨው፣ የተሸከመውና የተጋገረው በአብዛኛው በሴቶች እጅ ነበር። በየዓመቱ የካቲት ላይ ስለ ፈረስና ጎራዴ ስናወራ መጁን እንረሳዋለን። የሞተር ወፍጮ በየሰፈሩ ሲገባ የገረድ ቀን ስንት ሰዓት እንደተረፈው የቆጠረ ሰው አላጋጠመኝም፤ ቢቆጠር ግን ከብዙ አዋጅ ይበልጥ ነበር ብዬ አስባለሁ።

ደሞዝስ? ለብዙዎቹ ደሞዙ ምግብ፣ ለበዓል ቀሚስ፣ ማደሪያ ነበር። ሲታሰብላት «እድርሻለሁ» የሚል ተስፋ ይጨመራል። እንግዲህ የእናቴ «ልጅ አሳድጋ፣ ድራ የምትሄደው» ሠራተኛ ይህቺ ናት። መሄጃ አልነበራትም እኮ! ታማኝነት እያልን የምንናፍቀው ነገር፣ ቢያንስ ግማሹ፣ መውጫ ማጣት ነበር። ፍቅር አልነበረም አልልም። አያቴ ያሳደገቻትን ሴት ስታነሳ ድምጿ ይለወጥ ነበር። ግን ፍቅሩ በር በሌለው ቤት ውስጥ ያደገ ፍቅር ነው።

በ1952 የፍትሐ ብሔር ሕጉ ሲወጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ጓዳው በዘመናዊ ሕግ ውስጥ ገባ። ከአንቀጽ 2601 ጀምሮ አሠሪው ቤት ስለሚኖር ሠራተኛ የተጻፉ ጥቂት ድንጋጌዎች አሉ። አሠሪው ለመኝታዋ፣ ለምግቧ፣ ለሥራና ለዕረፍት ሰዓቷ ጤናዋንም ክብሯንም የሚጠብቅ ተገቢ ጥንቃቄ ያድርግ ይላል፤ ስትታመም ደግሞ ለተወሰነ ጊዜ ያሳክማት። መጥፎ አይደለም። ችግሩ «ተገቢ» የሚለው ነው። ተገቢው ስንት ሰዓት ነው? አምስት ሰዓት ሌሊት ላይ እንግዳ ሲመጣ መነሳት ተገቢ ነው? የሚወስነው ያው እንግዳ የጠራው ሰው ነው።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። ደርግ «ሠራተኛ» የሚለውን ቃል ከፍ አድርጎ ሰቀለው፤ በ1977 የተመሠረተው ፓርቲ እንኳ ስሙ የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ ነበር። በዚያ ዘመን አየር ውስጥ «ገረድ» ስድብ እየሆነ፣ «የቤት ሠራተኛ» የጨዋ ቃል እየሆነ ሄደ። የፓርቲውን ስም የተሸከመችው ሴት ግን አሁንም ኩሽና ውስጥ ናት። ከዚያ ዘመን የተረፈላት ትልቁ ነገር ቃሉ አይመስለኝም፣ ደብተሩ ነው። በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ማንበብና መጻፍ የማይችል ሁሉ ይማር ተባለ፤ ሠራተኛዋም ደብተሯን ይዛ ከቤት የምትወጣበት ምክንያት አገኘች። ዛሬም ድረስ የማታ ትምህርት በቅጥር ድርድር ላይ ከደሞዝ እኩል ይነሳል። «እማራለሁ» ስትል ፊታችን የሚጠቁረው ለምንድን ነው? የራት ሰዓት ስለሚነካ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለውም።

እውነተኛው ቀዳዳ የተፈጠረው ከዚያ በኋላ ነው። በ1985 አዲስ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ወጣ፣ በ1996 ሌላ፣ በ2011 ደግሞ አሁን የምንሠራበት ቁጥር 1156። ሦስቱም የቤት ሠራተኛን ከበር መለሷት። ትርፍ ለማግኘት ያልሆነ የግል አገልግሎት አዋጁ አይመለከተውም፤ ለእሱ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ያወጣለታል ተባለ። በ2011ም ላይ ደንቡ ያው «ያወጣል» ነበር። ነገሩ በተግባር ምን ማለት እንደሆነ እዩት። የባንክ ወለል የምትወለውል ሴት በቀን ስምንት ሰዓት፣ የዓመት ፈቃድ፣ የወሊድ ፈቃድ አላት። ያችው ሴት ያንኑ መወልወያ ይዛ የባንኩ ሥራ አስኪያጅ ቤት ብትቀጠር አዋጁ ውጭ ይቀራል።

ሕግ ባልገባበት ቤት ማን ይገባል? ደላላ። ደላላው ከአንቺም ከእሷም ይቀበላል። ልጅቷ ቶሎ ቶሎ ቤት በቀየረች ቁጥር ያተርፋል፤ ከረጋች ይከስራል። እኛ ደግሞ እሱን አምነን «ጨዋ ልጅ ፈልግልኝ» እንላለን። «ተያዥ አላት ወይ?» እንላለን፣ እሷ ግን ስለ እኛ ተያዥ የምትጠይቅበት ቦታ የለም። ባለፈው ያሠራናትን ደሞዟን ከልክለናት ይሆን? «እትዬ ጋ ይጠራቀምልሽ» ብለን ስትወጣ በተሰበረ ብርጭቆ አቀናንሰን ይሆን? ማን ያውቃል። ስለዚህ ብልጧ ደሞዝ ትቀበልና ትሄዳለች። ቀድማ ብትነግረን እስከ ወሩ መጨረሻ ያለው ገንዘብ በእኛ እጅ ነዋ።

ቦታውም ጠበበ። የድሮው ግቢ ዋናው ቤት አለው፣ ከኋላ ሰርቪስ አለው። ሰርቪሱ ቀዝቃዛ ነው፣ ጠባብ ነው፣ ግን በር አለው፤ ማታ ትዘጋዋለች። የጋራ መኖሪያ ቤት ሲመጣ ሰርቪሱ ቀረ፣ አዳሪ ሠራተኛ ግን አልቀረችም። የእኔ ቤት ባለ አንድ መኝታ ነው። ልጅቷ የምትተኛው ሳሎን፣ እኔ ፊልም አይቼ ስጨርስ ነበር። እንቅልፏ በእኔ ተከታታይ ፊልም ክፍል ቁጥር ይወሰን ነበር ማለት ነው። ይህን ያሰብኩት ከሄደች በኋላ ነው።

ስልኩ ሲጨመርበት ነገሩ ተለወጠ። ድሮ የጎረቤትን ደሞዝ ለማወቅ ወፍጮ ቤት ወረፋ ላይ መገናኘት ያስፈልግ ነበር፤ አሁን ጓደኛዋ ትደውልላታለች። ጓደኛዋ ደግሞ አንዳንዴ የምትደውለው ከቤይሩት ወይም ከሪያድ ነው። አዲስ አበባ ላይ «ሠራተኛ ጠፋ» ሲባል የጠፋችው ሴት ብዙ ጊዜ እዚያ ናት፣ ያንኑ ሥራ እየሠራች። በ2006 መንግሥት ወደ መካከለኛው ምሥራቅ ለሥራ መሄድን አገደ፤ በዚያው ሰሞን ከ150 ሺህ በላይ ሰው ከሳዑዲ ተመለሰ፤ እኛም በየማኅበራዊ ሚዲያው አለቀስን፣ ሰልፍ ወጣን። ልክ ነበርን። በ2008 የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ደግሞ የምትሄደው ልጅ ስምንተኛ ክፍል የጨረሰች፣ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ያላት ትሁን፣ የጽሑፍ ውል ይኑራት አለ። የስምንተኛ ክፍሉ ነገር በኋላ ተነስቷል። ግን አንድ ነገር አስቡት፦ አንዲት ልጅ ሪያድ ስትደርስ ውል እንዲኖራት የሚደነግግ ሕግ አለን። ወደ ኤርፖርት ስትሄድ የምትሰናበታት እኅቷ ቦሌ እኔ ቤት ስትሠራ ግን ያላት የእኔ ቃል ነው። «እንደ እኅቴ ነው የማያት» የሚለው ቃሌ።

እኔም እል ነበር። እንደ እኅቴ። እኅቴን ግን ለፋሲካ ቤቷ እንዳትሄድ ከልክያት አላውቅም።

ይህቺን እስካሁን ያልነገርኳችሁ ስላፈርኩ ነው። ልጅቷ ከሁለት ሳምንት በፊት «እትዬ፣ ለበዓል አገር ቤት ደርሼ ልምጣ» ብላኝ ነበር። እኔም እየሳቅኩ «ዶሮውን ማን ይሠራል ታዲያ? ከዳግማዊ ትንሣኤ በኋላ ትሄጃለሽ» አልኳት። ዝም አለች። ዝምታውን እሺታ አደረግኩት። ለሰው ሁሉ «ሳትናገር ሄደች» ብዬ አወራሁ፤ ተናግራ ነበር። ሽንኩርቱን ሳይቀር ልጣ ነው የሄደችው።

አሁን የምትመጣው ተመላላሽ ናት፣ ረቡዕና ቅዳሜ። ከደላላው ጋር ስንገናኝ አንድ ገጽ ጽፌ ይዤ ሄድኩ፤ ሰዓት፣ ክፍያ፣ ስትታመም ምን ይሆናል፣ ለመለያየት ከሁለታችንም የስንት ቀን ማስጠንቀቂያ። ደላላው «ባንክ ልትቀጥሪያት ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። የማታ ስድስተኛ ክፍል ናት፤ በጣቷ መስመር በመስመር እየተከተለች አነበበችው። ሲያልቅ ቀና አለችና «በዓል አልተጻፈም» አለችኝ።

እስክሪብቶ አወጣሁና ፋሲካን ጻፍኩ። ገናን ግን ገና አልተስማማንም።